«ጠርንፎ ያዘ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ብዕር ጀማሪ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ቃል እንቅልፍ ነሥቶኝ ነው የመጣሁት።

አጭር ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ ስለ አንድ አባት ነው። ሰውዬው አይማታም፤ አይጮህም። ግን እዚያ ቤት ውስጥ ከሱ ፈቃድ ውጭ አንዲት ነገር አትሆንም። ማን ስንት ሰዓት ገባ፣ ማን ከማን ጋር አወራ፣ ማን ደብተሩ ላይ ምን ጻፈ፣ ሁሉንም ያውቃል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲህ አልኩ፦ «አባቷ ቤቱን ጠርንፎ ይዞታል።»

ረቂቁን ለአንድ በጣም ለማከብረው አርታኢ ሰጠሁት። ቃሉን ሰርዞ «ተቆጣጥሮታል» ብሎ መለሰልኝ። ከጎኑ ደግሞ «ጠረነፈ የስብሰባ ቃል ነው፤ ቤት ውስጥ አይገባም» የሚል ማስታወሻ አለ።

እሺ ብዬ ቀየርኩት። «አባቷ ቤቱን ተቆጣጥሮታል።» ደጋግሜ አነበብኩት። ዓረፍተ ነገሩ ሞተብኝ። አባት ሳይሆን ከተማ የያዘ ጦር ነው የመሰለኝ።

ጠረነፈ በእርግጥ የስብሰባ ቃል ብቻ ነው? ካልሆነስ ከ«ተቆጣጠረ» በምን ይለያል? ለናንተ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ለኔ ግን ታሪኩ በሙሉ እዚያ ቃል ላይ ነው የቆመው።


ቃላት ወዳድ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡55

ትንሽ ነገር አይደለም። እኔ ከ«ተቆጣጠረ» ልጀምር። ይህ ቃል ዛሬ የስንቱን ቃል ሥራ ብቻውን ተሸክሞ ነው የሚኖረው።

ሥሩ «ቆጠረ» ነው። ገንዘብ ቆጠረ፣ ከብት ቆጠረ። እንደ «ተመላለሰ» እና «ተነጋገረ» መሃሉ ሲደገም «ተቆጣጠረ» ይሆናል። ደጋግሞ ቆጠረ፣ አመሳከረ፣ ጎድሎ እንደሆነ አየ ማለት ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪ ከመሠረቱ ጌታ አይደለም፤ ቆጣሪ ነው። የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪን አስበው። ማንንም አይገዛም። ትኬትህን ያያል፣ ያልፋል።

«ኮንትሮል» የምንለው የውጭ ቃልም የመጣው ከዚሁ ሐሳብ መሆኑ ሁሌም ደስ ይለኛል። በድሮ ፈረንሳይኛ ከዋናው መዝገብ ጎን ለማመሳከሪያ የሚያዝ ሁለተኛ መዝገብ ስም ነበር። ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች፣ አንድ ሐሳብ።

ከዚያ ቃሉ አደገ። ጦር ከተማ ይቆጣጠራል። ፖሊስ ተጠርጣሪን በቁጥጥር ሥር ያውላል። ወረርሽኝ በቁጥጥር ሥር ይውላል። ሰው ስሜቱን መቆጣጠር ያቅተዋል። ሁሉም ትክክል ነው። ግን ልብ በል፤ ከነዚህ ውስጥ በቃሉ ብቻ ክፉ ነው ብለህ የምትፈርድበት አንድም የለም። ደም ግፊትን መቆጣጠር ጥሩ ነው። ሕዝብን መቆጣጠር መጥፎ ሊሆን ይችላል። ቃሉ ለሁለቱም እኩል ያገለግላል።

ዓረፍተ ነገርህ የሞተው ለዚህ ይመስለኛል። ሰውዬው ምን እያደረገ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ቃሉ ግን አያውቅም።


የገበሬ ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ወንድሜ፣ ጠረነፈ ከስብሰባ በፊት ነበረ።

እኔ ገጠር ነው ያደግኩት። እንጨት ለቅመን ስንመለስ አንድ ላይ ጠርንፈን እናስረዋለን። ሣርም እንደዚያው። የተበታተነውን ሰብስበህ፣ አጥብቀህ፣ እንዳይንሸራተት አድርገህ ስታስር ነው መጠርነፍ የሚባለው። አንዱን እንጨት ለብቻው አስረህ ጠረነፍኩት አትልም።

አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። እናቴ ዶሮዎች ወደ ገበያ ስትወስድ እግራቸውን አንድ ላይ ጠርንፋ ነበር የምታስራቸው። አንዷ ላምልጥ ብላ ስትንፈራገጥ ሌሎቹን ትጎትታለች። ሌሎቹ ይንጫጫሉ። ትንሽ ቆይታ ዝም ትላለች። እናቴ ያኔ አልያዘቻትም እኮ። የያዟት ጓደኞቿ ናቸው። ገመዱ አንድ ክንድ አይሞላም። የቀረውን የሚሠሩት ራሳቸው ዶሮዎቹ ናቸው።

ልጅ ሆኜ አንጀቴን ይበላኝ ነበር። ቃሉን በሰማሁ ቁጥር አሁንም የሚታየኝ እሱ ነው። ለኔ ጠረነፈ ማለት አጥብቆ አሰረ ብቻ አይደለም። አንዱን በሌላው አሰረ ነው።


ጥብቅ አንባቢ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

እኔ ከአርታኢው ጎን ልቁም። ሰውዬው ያለ ምክንያት አልሰረዘም።

የገበሬ ልጅ የጻፈው በጣም ያምራል። የቃሉ የድሮ ትርጉም እሱ እንደሆነም አልጠራጠርም። ግን ቃል ከመዝገበ ቃላት ብቻ አይመጣም፤ የኖረበትን ዘመን ይዞ ነው የሚመጣው። ጠረነፈ ስትለኝ እንጨትም ዶሮም አይታየኝም። የሚታየኝ 1 ለ 5 ነው፤ አንድ ሰው አምስት ሰው የሚመራበት የመንግሥት አደረጃጀት። የስም ዝርዝር፣ አጀንዳ፣ ግምገማ። ከ1997 ምርጫ በኋላ ባሉት ዓመታት ተማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ብዙ ሰው እንደኔ ነው። ክፍል ውስጥ ሳይቀር ነበርንበት።

እና የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ቤቱን ጠርንፎ» ካልክ፣ አንባቢህ «አሃ፣ አባትየው መንግሥት ነው ማለት ነው» ይላል። ከዚያ በኋላ ሰውዬውን እንደ ሰው አያየውም። ምሳሌ ፍለጋ ነው የሚገባው። አንድ ቃል ታሪክህን ሊወስድብህ ይችላል።

«ተቆጣጠረ» ደካማ እንደሆነ ግን እስማማለሁ። «ቀፍድዶ ይዞታል» ብትልስ? ጠንካራ ነው፤ የፖለቲካ ጠረንም የለበትም።


የጤና ባለሙያዋ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ተረኛ ሆኜ አድሬ ነው ያነበብኳችሁ። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም እኔ ያ መዋቅር ውስጥ ሠርቻለሁ።

ከ2003 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበርኩ። ወደ 30 የሚጠጉ ቤተሰቦች አንድ የልማት ቡድን ይሆናሉ። ቡድኑ ደግሞ በ1 ለ 5 ይከፈላል፤ አንዲት ሴት አምስት ጎረቤቶቿን ትመራለች። ነፍሰ ጡር የሆነችውን፣ ክትባት ያመለጠውን ሕፃን የምትነግረኝ እሷ ነበረች። በሷ ምክንያት በጊዜ ጤና ጣቢያ ደርሳ የተረፈች እናት አውቃለሁ። ይህን ሳልናገር ስለ ቃሉ ባወራ ውሸታም እሆናለሁ።

ነገር ግን ያቺው ሴት ማን ከስብሰባ እንደቀረ፣ ማን መዋጮ እንዳልከፈለ እንድትናገርም ትጠየቅ ነበር። አንድ ቀን ቤት ለቤት ስዞር አንዲት እናት በሩ ላይ አቁማ «አንቺ የምትቆጥሪው ልጄን ነው ወይስ እኔን?» አለችኝ። የክትባት ካርዱን ይዤ ቆሜ መልስ አጣሁ።

አሁን ወደ ቃሉ። እኔ በነበርኩበት አካባቢ በወረቀት ላይ «አደረጃጀት» ነበር የሚባለው። ሴትዮዋም «መሪ» ነበረች። ስብሰባ ላይ የሚነገረው ይኸው ነው። ሕዝቡ ግን እቤቱ ሲገባ «ጠርናፊ» ነበር የሚላት። ለዚህ ነው «የስብሰባ ቃል ነው» የሚለው ያልተዋጠልኝ። የስብሰባው ቃል «አደራጀ» ነው። ጠረነፈ የተሰብሳቢው ቃል ነው። ሰዎቹ የደረሰባቸውን ነገር አይተው፣ ከማገዶ እንጨት ላይ ስም አውጥተው ሰጡት። እንደዚህ ያለ ቃል ከወረቀት አይወጣም።

ስለዚህ ጥብቅ አንባቢ፣ ጠረኑን የምታሸተው ከስብሰባው አዳራሽ አይመስለኝም። ከቤት ነው።


ኳስ አፍቃሪ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

እኔ በዚህ ጉዳይ ባለሙያ አይደለሁም። ግን የኳስ ቋንቋ ለዚህ ነገር ንጹሕ ቃል አለው። አንድ ቡድን ሌላውን 90 ደቂቃ ኳስ ሲከለክለው «ብልጫ ወሰደ» ነው የምንለው። «ሙሉ የበላይነት ነበራቸው» እንላለን። በለጠ እንጂ አሰረ አንልም። ቀሽም ሆኖ የተሸነፈውም ሳምንት መጥቶ መብለጥ ስለሚችል ይመስለኛል። ያንተ አባት ላይ ግን ይሄ አይሆንም፤ እዚያ ቤት መልስ ጨዋታ የለም።


መምህሩ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡40

ልጆቼ፣ ብዙ ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። እንደዚህ ያለ ወግ ሳገኝ ደስታዬ ወሰን የለውም። ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ታገሡኝ።

አማርኛ ሰው ሰውን አጥብቆ ሲይዝ የሚጠቀምባቸውን ቃላት ደርድራችሁ እዩአቸው። አብዛኞቹ የገመድ ቃላት ናቸው። ጠፈረ ከጠፍር ነው፤ የጠፍር አልጋ የሚሠራበት የቆዳ ጠፍር። ጠፈነገ አጥብቆ ማሰር ነው፤ «የኋሊት ጠፍንጎ» ሲባል ሰምታችኋል። ቀፈደደ እንዳይላወስ አድርጎ ማሰር ነው። ተበተበ ገመዱን ማወሳሰብ ነው፤ ጫፉ እንዳይገኝ። ለጎመ ከልጓም፣ ጠመደ ከቀንበር ነው። «እግር ከወርች አሰረ» የኋላ እግርን ከፊተኛው ጋር ማያያዝ ነው። እንስሳው አይቆስልም፤ ግን እርምጃ የለውም።

ሌሎች ደግሞ የክብደት ቃላት ናቸው። ተጫነ፣ ረገጠ፣ ጨፈለቀ፣ ደፈጠጠ፣ ጨቆነ። እነዚህ ከላይ ነው የሚመጡት። ጨቆነ በ1960ዎቹ በተማሪዎች እንቅስቃሴ «ጨቋኝና ተጨቋኝ» እየተባለ መደብንና ሕዝብን መጥሪያ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ለአንድ ቤት ይሰፋል። የከፍታ ቃላትም አሉ። የበላይነት፣ አምባገነን። አምባገነን አምባ ላይ የገነነ ማለት ነው፤ ራቅ ብሎ፣ ከፍ ብሎ። ፈላጭ ቆራጭ ደግሞ የመጥረቢያ ቃል ነው።

ከነዚህ ሁሉ ለጥያቄህ የሚጠቅመው የገመዱ ወገን ነው። ግን የገመድ ቃላትም አንድ አይደሉም። አንድ ነገር ልጠቁማችሁና እናንተው አጣሩ። ጋዜጣ ላይ «ቀፍድዶ የያዘን» ወይም «ተብትቦ የያዘን» የሚለውን ፈልጉ። ከጎኑ ምን ታገኛላችሁ? ድህነት። ኋላቀርነት። ሱስ። ቢሮክራሲ። ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ሰው አይደለም። ፊት የሌለው ነገር ነው። «ድህነት ጠርንፎ ያዘን» የሚል ግን በቀላሉ አይገጥማችሁም። ጠርናፊ ሁልጊዜ ሰው ነው፤ ወይም ሰዎች ያሉበት አካል ነው። ሐሳብ አለው። ማንን ከማን ጋር እንደሚያስር መርጦ ነው የሚያስረው።

ስለዚህ ጥብቅ አንባቢ ያመጣኸው «ቀፍድዶ» ጥሩ ቃል ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን አባትየውን ከተጠያቂነት ያወጣዋል። እንደ ችግር፣ እንደ ቁርጥማት ያደርገዋል። ሰውዬው ቁርጥማት አይደለም። እያወቀ ነው የሚያደርገው።

ሁለተኛው ነገር ሰዋስው ነው። «ጠረነፈ» አንዴ የተደረገ ድርጊት ነው፤ አሰረ፣ ሄደ። «ጠርንፎ ይዟል» ግን ሁለት ግሥ አለው። አንደኛው ያስራል፤ ሁለተኛው አይለቅም። የዚህ ሁሉ ክብደት ያለው «ያዘ» ላይ ነው። ብዕር ጀማሪ፣ ምንም ብትቀይር «ያዘ»ን አትጣላት።


ተርጓሚዋ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

መምህር፣ እጅ ነሥቻለሁ። ስለ ባለቤቱ የተናገሩት ነገር በብዙ ዓመት ሥራዬ አስተውዬው የማላውቅ ነው። ዛሬ ማታ የድሮ ትርጉሞቼን ከፍቼ «ቀፍድዶ» ያልኩባቸውን ቦታዎች እያየሁ ነው።

እኔ ግን አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የምተረጉመው የሥነ ልቦናና የሕግ ጽሑፍ ነው። አንዱ የትዳር ጓደኛ ሌላውን ያለ ዱላ አጥብቆ የሚይዝበት ሁኔታ አለ። ገንዘብ መከልከል፣ ስልክ መፈተሽ፣ ከዘመድና ከጓደኛ ማራቅ፣ የት እንደዋለች በየሰዓቱ መጠየቅ። በእንግሊዝና በዌልስ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ይህን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎታል፤ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። አማርኛ ስሰጠው ስንቱን ሞከርኩ። «አስገዳጅ ቁጥጥር» አልኩ። ትክክል ነው፤ ግን ቃላት ወዳድ እንዳለው አይቆጠቁጥም።

«ጥርነፋ» ልል ፈልጌ እጄን የያዘኝ አንድ ነገር ነው። እዚያ ሴትዮዋ ለብቻዋ ናት። ሰውዬው መጀመሪያ የሚያደርገው ከሰው መነጠል ነው። እናቷን ያስቀይማታል፤ ጓደኛዋን ያስጠላታል። ነጥሎ ነው የሚይዛት። ጥርነፋ ደግሞ የገበሬ ልጅ እንዳሳየን ተቃራኒው ነው፤ ከሌሎች ጋር አስሮ መያዝ ነው። ሁለቱም ያንቃሉ። አንደኛው ሰው በማሳጣት፣ ሌላው ሰው በማብዛት።

ስለዚህ ብዕር ጀማሪ፣ ቃሉን ከመምረጥህ በፊት አንድ ጥያቄ መልስልኝ። ያንተ አባት ልጆቹን ይነጥላል ወይስ ያያይዛል? የሚነጥል ከሆነ ጠረነፈ አይሆንም። አርታኢህ ትክክል የሚሆነው ያኔ ነው፤ ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም።

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ፤ «ገዛ»ንም እያሰብኩ ነበር። ቤት ገዛ፣ አገር ገዛ። አንድ ቃል ለመሸመትም ለመንገሥም። በግእዝ «እግዚእ» ማለት ጌታ ነው፤ «እግዚአብሔር» ውስጥ ያለው እሱ ነው፤ «ገዛ»ም የዚያው ሥር ልጅ ነው። ከዚህ ሁሉ የጌትነት ቃል ውስጥ ሳልፈራ የምጠቀምበት አንድ አለኝ። «ራስን መግዛት»። ሰው ሌላውን ሳይነካ ጌታ የሚሆንበት ብቸኛ ቦታ ይመስለኛል።


ብዕር ጀማሪ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ተርጓሚዋ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ከወንበሬ ተነሣሁ። አስቤው አላውቅም ነበር። ግን መልሱ ረቂቄ ውስጥ አለ።

ያያይዛል። ትልቋ ልጅ የታናናሾቿን ደብተር ታነባለች፤ ያገኘችውን ለአባቷ ትነግራለች። መካከለኛው ልጅ እህቱ ከትምህርት ቤት ስንት ሰዓት እንደተመለሰች ያያል። ትንሹ እናቱ ስልክ ስታወራ አጠገቧ ይጫወታል። እራት ላይ አባትየው ማንንም «አንተ ዛሬ ምን አደረግክ?» ብሎ አይጠይቅም። «እህትህ ዛሬ እንዴት ዋለች?» ነው የሚለው። እያንዳንዱ ስለ ሌላው ነው የሚናገረው። ስለ ራሱ የሚናገር የለም።

ይሄንን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቃሉን ለምን እንደመረጥኩ ግን አላውቅም ነበር። እጄ ቀድሞኝ ነው የጻፈው።


የገበሬ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡42

በቃ፣ ዶሮዎቹ ናቸው። አትቀይረው።


ጥብቅ አንባቢ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

የእራቱን ነገር ሳነብ ዝም አልኩ። እንደዚያ ያለ ቤት አውቃለሁ። ከዚህ በላይ አልልም።

«ቀፍድዶ» ያልኩትን አንሥቻለሁ። መምህሩ ልክ ናቸው። የጤና ባለሙያዋም አደራጀን ከጠረነፈ የለየችበት መንገድ አሳምኖኛል፤ እኔ ሁለቱን አንድ ላይ ነበር የምሰማቸው።

አንድ ነገር ላይ ግን አሁንም አልለቅም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አታድርገው። መጀመሪያ ላይ ካስቀመጥከው አንባቢ የራሱን ትዝታ ነው የሚያመጣበት፤ የ1 ለ 5 ስብሰባውን፣ የግምገማውን ወረቀት። እራቱን አስቀድም። ትልቋ ልጅ ደብተሩን ስትከፍት አሳየን። አንባቢው ገመዱን በእጁ ከነካው በኋላ ቃሉን ብትሰጠው ያንተን ትርጉም ይዞ ይቀበለዋል። ያኔ ፖለቲካውንም ካሰበው ያስበው። ምናልባት እዚያ የጠረነፉን ሰዎች የተማሩት ከእንደዚህ ያለ ቤት ይሆናል።


አዲስ ገቢ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

ይቅርታ፣ ዛሬ ነው የተመዘገብኩት። እስካሁን የተወራው ስለያዘው ሰው ነው። ለተያዙትስ ቃል አለን? «ተጠርናፊ» ሲባል ሰምቻለሁ፤ ግን እንደ ሥራ መደብ ነው የሚመስለኝ።


መምህሩ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡25

እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። በዚህ ክር ከተጠየቁት ሁሉ ይህን ወደድኩት።

አለን። «ሰጥ ለጥ»። ሰጥ ለጥ አድርጎ ገዛ፣ ሰጥ ለጥ ብሎ ተገዛ። «ጸጥ ለጥ» የሚሉም አሉ፤ እኔ ልጅ ሆኜ እንደዚያ ነበር የምሰማው። ሁለተኛዋን ቃል ተመልከቷት። ለጥ ያለ ሜዳ ስንል ጉብታ የሌለው፣ ዓይን ምንም ሳይከለክለው የሚያየው ሜዳ ነው። ሰው ለጥ ሲል እንደዚያ ይሆናል። ከመሬት እኩል። ከሩቅ የሚታይ ነገር የለውም።

ልዩነቱን እዩት። ጠርንፎ፣ ጠፍሮ፣ ቀፍድዶ ስንል ድርጊቱን እናያለን፤ እጅ አለ፣ ገመድ አለ። ሰጥ ለጥ ውስጥ እጅ የለም። ውጤቱ ብቻ ነው ያለው። ማሰር ያስፈለገበት ጊዜ አልፏል ማለት ነው። ለኔ ከሁሉም የሚያስፈራው ቃል እሱ ነው። ተማሪ ሳስተምር ክፍሉ ሰጥ ለጥ ሲልልኝ ደስ የሚለኝ ዘመን ነበር። በኋላ ነው ማፈር የጀመርኩት።

«ተጠርናፊ» ላይ ያልከው ትክክል ነው። ሲደጋገም የሥራ መደብ መሰለ። ሰው የታሰረበትን ነገር ሁልጊዜ ስም ሲጠራው ይለምደዋል።


ቃላት ወዳድ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ሌሊቱን አንድ ነገር ሳሰላስል አደርኩ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። እዚያም መያያዝ አለ፤ ማሰርም አለ። ግን የሚታሰረው አንበሳው ነው እንጂ ድሩ አይደለም። ድሮቹ በራሳቸው ነው ያበሩት። «አበረ» እና «ተጠረነፈ» መካከል ያለው ርቀት ይሄው ነው። ሁለቱንም ከውጭ ስታያቸው አንድ ጥቅል ናቸው። ማን ጠቀለላቸው ብለህ ስትጠይቅ ነው የሚለዩት።

የጤና ባለሙያዋ የነገረችን ሁለቱም በአንድ ቡድን ውስጥ የነበሩበትን ጊዜ ይመስለኛል። እናትን ያተረፈው ማበሩ ነው። በር ላይ ያስጠየቀው ጥርነፋው ነው።


የጤና ባለሙያዋ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡00

አዎ። ያንን ለዓመታት ልናገረው ፈልጌ ቃል አጥቼለት ነበር። አመሰግናለሁ።


ብዕር ጀማሪ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡05

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሌሊቱን ቀየርኩት። የመጀመሪያው ገጽ አሁን በእራቱ ነው የሚጀምረው። ቃሉ የሚመጣው ስድስተኛው ገጽ ላይ ነው፤ ትልቋ ልጅ ናት የምትለው። አርታኢው ዘንድ ከመመለሴ በፊት እናንተ እዩልኝ፦

«ታናሼ ደብተሩን ፍራሹ ሥር ደብቆት ነበር። አገኘሁት። አንብቤ መልሼ አስቀመጥኩት። እራት ላይ አባቴ ወደኔ ዞረ። ታናሼም ወደኔ ዞረ። አፌን ስከፍት እጁ ጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘኝ፤ አጥብቆ፣ እስኪያመኝ። አባታችን ምንም አልያዘም ነበር። እጆቹ ሳህኑ ላይ ነበሩ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ጠርንፎ የያዘን በኛው እጅ ነበር።»


ጥብቅ አንባቢ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

«እስኪያመኝ» የሚለውን እንዳትነካው። ቃሉም ቦታውን አግኝቷል። አርታኢህ እንደገና ከሰረዘው ይህን ክር አሳየው።


ተርጓሚዋ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡48

ታናሹ እጇን ሲይዛት ልናገር ብሎ ነው ወይስ አትናገሪ ብሎ? ሁለቱንም ማንበብ ይቻላል። እንደዚያው ተወው።


የጤና ባለሙያዋ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡10

እናትየዋስ? እራቱ ላይ የት ናት?


ብዕር ጀማሪ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡15

ወጥ እየጨመረች ነው። አንድ ቃል አልተናገረችም። ለሷ የሚሆነውን ቃል ገና እየፈለግኩ ነው።